ናፍቆት ወይስ ጉብኝት?

ስለ አዲስ አበባ ናፍቆት ያልተጻፈበት ሳምንት አናውቅም። በግቢያችን የግጥም ምሽት በተዘጋጀ ቁጥር፣ ይህች ልሳናችንም በተባዛች ቁጥር፣ ቢያንስ አንድ ባልንጀራችን ብድግ ብሎ «አዲስ አበባዬ» ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሳንሰማው እናውቀዋለን። መጀመሪያ ዝናብ ይዘንባል። ዝናቡ ሲያባራ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ይቀርባል። ከማኪያቶው ማዶ ስሟ የማይነገር አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። ከዚያ የእንጦጦ ጉም፣ የባሕር ዛፍ ሽታ፣ የአራት ኪሎ ሐውልት ተራ በተራ ይመጡና በመጨረሻ «መቼ ይሆን ዳግም የማይሽ?» ተብሎ ይዘጋል። አዳራሹ ያጨበጭባል። እኛም እናጨበጭባለን፤ ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ናፍቆቱም የብዙዎቻችን ነውና።

ጭብጨባው ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለመሆኑ በዚህ ሁሉ ናፍቆት ውስጥ ሰው የታለ?

እንጦጦን እንውሰድ። የባሕር ዛፉ ሽታ ታሪክ አለው። በምኒልክ ዘመን ከተማዋ በዙሪያዋ የነበረውን እንጨት ጨርሳ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር ታስቦ ነበር። ያዳናት ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ግን በገዛ እግሩ ከተራራ ወርዶ ምድጃ ውስጥ አልገባም። የእናቶች ጀርባ አወረደው። እስከ እኛ ዘመን ድረስ፣ ወገቧ እስኪጎብጥ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርደዋን ሴት ያላየ የከተማው ሰው አለ? መስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተና ግጥሞቻችን ደግሞ መናፈሻ ጨመሩ። ሴትዮዋን ግን አሁንም አልጨመሩም። ሽታውን ወሰዱ፣ ሸክሙን ተዉት።

ፒያሳም እንዲሁ ነው። ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በፒያሳ ዙሪያ አያሌ ሰፈር ፈርሷል፤ ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ነዋሪው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። የኛ ግጥም ግን ያንኑ ማኪያቶ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ማቅረቡን አላቆመም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ የምንለውን በአጭሩ እንበለው። ከተማን እናፍቃለሁ የሚል ሰው፣ የከተማዋ ሰዎች የት እንደገቡ ካልጠየቀ፣ ያ ስሜቱ የጉብኝት አምሮት እንጂ ናፍቆት አይባልም። ጎብኚ ዕዳ የለበትም፤ ከፍሎ ያያል፣ አይቶ ይሄዳል። ናፋቂ ግን ባለ ዕዳ ነው። እናቱን የናፈቀ ልጅ «ያ የእናቴ ነጭ ነጠላ!» ብቻ ብሎ አይቀመጥም፤ «እንዴት ነች? ጤናዋስ? ማን አለላት?» ይላል። ስለ አዲስ አበባ ይህን የሚጠይቅ ጽሑፍ እስካሁን በጣም ጥቂት ነው።

«እነዚህ ደግሞ ፍቅርን ሊከለክሉን ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። እኛም አዲስ አበባን እንወዳለን። ከመካከላችን ጉለሌና ቄራ ተወልደው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እዚህ የወረዱ አሉ። እናቱን ለሕክምና ይዞ ሄዶ ክረምቱን አጎቱ ቤት የከረመ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ አይቷት፣ ያችን አንዲት ጊዜ እስከ ዛሬ የሚያወራ አለ። ሁላችንም ዳግም ልናያት እንፈልጋለን። መንገዱ ሰላም በሆነ ዕለት ያለችንን ቆጥረን አውቶብስ ላይ ለመውጣት ማንም አይቀድመንም።

የምንናፍቀውንም መቁጠር እንችላለን። ግማሽ ገላው ከታክሲው በር ውጭ ሆኖ «አራት ኪሎ! ፒያሳ! የሞላ፣ አንድ ሰው!» የሚለውን ወያላ እንናፍቃለን። አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው፣ ድንጋይ ላይ ተደርድረው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ያነቡ የነበሩትን ወጣቶች እንናፍቃለን፤ አንድ ጋዜጣ ለሃያ ሰው ይደርስ ነበር። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ ሲቀጠቀጥ የሚሰማውን ጩኸት፣ ተሸካሚው ከኋላችን መጥቶ «ዞር በል!» ሲለን የምንዘለውን ዝላይ እንናፍቃለን። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የሚያስነጥሰውን የወፍጮ ቤት በርበሬ እንናፍቃለን። ከቸርችል ጎዳና አናት ቆሞ ቁልቁል ለገሀርን ማየት እንናፍቃለን። ከነዚህ ውስጥ ሰው የሌለበት የትኛው ነው? ወያላውን፣ አንባቢውን፣ ቀጥቃጩን፣ ተሸካሚውን፣ በርበሬ አስፈጪዋን አውጡና የሚተርፈውን ንገሩን። የሚተርፈው ተዳፋት መንገድና ዝናብ ነው። ዝናብ ደግሞ እዚህም ይዘንባል።

ከተማዋ እንዴት እንደቆመች ትንሽ እናስታውስ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ ወርደው ስም ካወጡላት ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያደገችው በሰፈር በሰፈር ነው። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ለሹሙ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቦታ ተሰጠው፤ ወታደሩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ በቅሎ ቀላቢው ዙሪያውን ጎጆ ቀለሰ። ከዚያ የሰፈሩ ስም ሥራውን ወይም የደረሰበትን ነገር ያዘ። የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር ተባለ። ምኒልክ ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ ተሽከርካሪ ተሰብሮ የቀረበት ሰባራ ባቡር ተባለ። የከተማዋ ካርታ የሥራና የሠራተኛ ዝርዝር ነው ብንል አናጋንንም።

የመኳንንቱ አጥርና የሎሌው ጎጆ ስለተጠጋጉ እኩልነት ነበረ ማለታችን አይደለም፤ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ ቀረ። በብዙ የዓለም ከተሞች ሀብታሙ በአንድ ወገን፣ ድኻው በሌላ ወገን ሲሰፍር፣ በአዲስ አበባ የግንብ ቤትና የጭቃ ቤት በአንድ ቅያስ ገብተው በአንድ ቅያስ ይወጡ ነበር። የባለሥልጣኑ ልጅና የልብስ አጣቢዋ ልጅ አንድ ሱቅ ዳቦ ይገዙ ነበር። ሰርግም ለቅሶም ሲሆን ድንኳኑ መንገዱን ስለሚዘጋው፣ ሁሉም በዚያው በኩል ጎንበስ ብሎ ማለፍ ግድ ይሆንበት ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በከተማዋ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነበር።

ይህን መጠጋጋት በመጀመሪያ በዕቅድ ሊበትን የተነሣው ፋሺስት ኢጣሊያ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጩ በአንድ ወገን፣ አገሬው በሌላ ወገን እንዲኖር ንድፍ አወጣ። ከጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ መርካቶ ከዚያ ተወለደ። አራዳም ፒያሳ የሚል ስም ተሰጣት። ለመንግሥት ሠራተኞቹ ከሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው መጠሪያ ካዛንቺስ የሚለውን ስም አገኘን። ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው ዝነኛ የፈረንሳይ አርክቴክትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ለአዲስ አበባ አንድ ንድፍ ነድፎ ለፋሺስቶቹ አቅርቧል። በዚያ ንድፍ ላይ የነበረችው ከተማ የለችም። ባዶ ሜዳና ቀጥ ያለ ጎዳና ብቻ ነው። በአካል ያላያትን፣ የሚኖርባትን ሕዝብ ያልጠየቀበትን ከተማ በወረቀት ጠረጋት።

ይህን ያነሣነው የዛሬውን ሥራ ከወራሪ ሥራ ጋር አንድ ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ንጽጽር ታሪክንም ሰውንም ይበድላል። ያነሣነው ስለ ዓይን ለመናገር ነው። ከተማን ከላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን ጎዳናውን ያያል፤ ሰውን አያይም። አስገራሚው ነገር የአገሬው ሰው ያንን ዕቅድ እንዴት እንዳሸነፈው ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ካዛንቺስን ወረሳት፤ ጎኗ ላይ የጭቃ ቤት ቀጠለባት፤ ጠጅ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ አስገባባት። ለመለያየት የተሠራው ሰፈር ከከተማዋ ድብልቅ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። የተገፋው ገበያም ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሆነ። በኛ ግምት ከአዲስ አበባ ሐውልቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ የሕዝብ ሥራ ነው።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ታወጀ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ስለዚህ አዋጅ ብዙ ክርክር አለ፤ እዚህ የምንፈልገው አንዱን ውጤት ብቻ ነው። ኪራዩ ዝቅ ስላለ ድኻው ከከተማው መካከል ሳይነቀል ቆየ። ልብስ አጣቢዋ፣ ጡረተኛው፣ የጉሊት ነጋዴዋ ሥራቸው አጠገብ አደሩ። ሌላም ውጤት ነበረ፤ ያንንም አንደብቅም። ኪራዩ ለጥገና ስለማይበቃ፣ ተከራዩም ባለቤት ስላልሆነ፣ ቤቱ በተከራዩ አናት ላይ አረጀ። ጣሪያው ዛገ፤ ግድግዳው ተቦረቦረ፤ መጸዳጃው ለአሥር አባወራ አንድ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለተኛዎቹ ወገኖች ይነሣሉ። እነዚህ ከናፋቂዎቹ ተቃራኒ ነን ባዮች ናቸው። ስልካቸውን አውጥተው የሰፋውን የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌቱን መስመር፣ በሌሊት የሚያበራውን መብራት ያሳዩናል። «ይኸው! ጭቃና ሽንት ቤት ነው የናፈቃችሁ?» ይሉናል። መልሳችን ቀላል ነው። ጭቃ አልናፈቀንም። ጭቃን የሚናፍቅ ጭቃ ውስጥ አድሮ የማያውቅ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያፈስ ጣሪያ ሥር ጎድጓዳ ሳህን ስትደረድር ያደረች እናት ያለችው፣ የድህነትን ግድግዳ ቅርስ ብሎ አያሞካሽም። የእግረኛ መንገድ መስፋቱም መልካም ነው፤ ከአዲስ አበባ ሰው ብዙው እግረኛ ነውና። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው። የእግረኛው መንገድ ሲሰፋ እግረኛው የት ሄደ?

«ቤት ተሰጥቷቸዋል» ይሉናል። ለብዙዎቹ ተሰጥቷል። ኮንዶሚኒየም የደረሰው አለ፤ ምትክ የቀበሌ ቤት የገባ አለ፤ የግል ይዞታ የነበረው ምትክ ቦታ ያገኘ አለ። ከፊሎቹ ገላን ጉራ ናቸው፤ ከፊሎቹ በሌላ ዳርቻ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። ይህን የሚያቃልል ሰው ከኛ ወገን አይደለም። ነገር ግን ደባል ሆኖ ጥግ ተከራይቶ የኖረው፣ ስሙ ከቤት ቁጥሩ ጋር ስላልተጻፈ፣ ምትክ ለመጠየቅ የሚያሳየው ደብተር አልነበረውም። ቤት ያገኘውም ቢሆን ያገኘው ቤት ነው፤ ያጣው ደግሞ ኑሮ ነው። ይህ የግጥም አነጋገር እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

አንዲት የጉሊት ነጋዴ ቲማቲምና ሽንኩርት መድባ ትሸጣለች እንበል። ካፒታሏ ስንት ነው? በእጇ ያለው ብር የአንድ ቀን ሽንኩርት ነው። ዋናው ካፒታሏ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ጠዋት በዱቤ የሚሰጣት አከፋፋይ ያውቃታል፤ ሃያ ዓመት አይቷታል። በደመወዝ ቀን የሚከፍሏት ደንበኞች በር ለበር ናቸው። ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎረቤት ያበላዋል። ስትታመም ጉሊቷን የምትጠብቅላት ወዳጅ አጠገቧ አለች። አሁን ይህችን ሴት አንሥታችሁ አዲስ ቤት ውስጥ አስቀምጧት። አከፋፋዩ የለም፤ ደንበኛው ተበትኗል፤ ጎረቤቷ በሌላ ዕጣ ሌላ ቦታ ደርሷታል። ወደ ድሮው ገበያዋ ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መቀየር አለባት፤ ትርፏ ታክሲ ላይ ያልቃል። በማንኛውም ሰነድ ላይ ይህች ሴት «ቤት የተሻሻለላት» ተብላ ትቆጠራለች። የጠፋው ካፒታሏ ግን በየትኛውም ካሳ ውስጥ አልተተመነም፤ መተመኛ መስፈሪያም አልተሠራለትም።

እድሩንም እንይ። እድር ማለት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትላልቅ ድስትና በየወሩ የምትዋጣ ብር ብቻ አይደለም። በእድር አባልነት የተመዘገበ ሰው «ስሞት ብቻዬን አልቀበርም» የሚል ዋስትና አለው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ ተነሥቶ በየቅያሱ እየዞረ ያለፍያል፤ ጡሩምባውን የሰማ ይወጣል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ፒያሳ የተነፋ ጡሩምባ ገላን ይሰማል? አባሉ በአምስት አቅጣጫ ሲበተን የጋራ ድስቱ ወዴት ይሄዳል? ለሠላሳ ዓመት የከፈለች መበለት በአዲሱ ሰፈር እንደገና መመዝገቢያ ልትከፍል ነው? እነዚህ ለማንም ፖለቲካ ያልተፈጠሩ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚሰማ ማንኛውም ሰው የሚሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። መስከረምና ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ስትፈርስ ብዙዎች ይዘውት የወጡት ጭንቀት ይኸው ነበረ። ያ ድብልቅ ሰፈር፣ ዕቅድን ያሸነፈው ሰፈር፣ በሳምንታት ውስጥ ተነሣ።

«ተነሣ» አልን፤ ቃሉንም እንየው፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ነን፣ ይህ ሥራችን ነው። የነዚህ ሰዎች የወረቀት ስም «የልማት ተነሺ» ነው። በአማርኛ ተነሺ ማለት በራሱ የሚነሣ ማለት ነው፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «በሉ ደኅና ሁኑ» እንደሚል እንግዳ። አንሺው የታለ? ቃሉ ውስጥ የለም። አንድን ሰው ከአያቱ ቤት አንሥተህ «ተነሺ» ስትለው፣ ድርጊቱን የርሱ አደረግኸው። የኛ የናፍቆት ግጥም ደግሞ በሌላ መንገድ ያንኑ ያደርጋል፤ «ፒያሳ ጠፋች»፣ «ካዛንቺስ ሄደች» ይላል። ወዴት ሄደች? ሰፈር እግር አለው እንዴ? ሰነዱና ግጥሙ በአንድ ሰዋስው ተገናኙ። አልሸሹም ዞር አሉ!

ለዚህ ነው ናፋቂዎቹና የመብራት አድናቂዎቹ ተቃራኒ አይደሉም የምንለው። አንዱ አሮጌውን ግድግዳ ያያል፤ ሌላው አዲሱን መብራት ያያል። አንዱ ካፌው ለምን ፈረሰ ብሎ ያለቅሳል፤ ሌላው አምፖሉ በራ ብሎ ያጨበጭባል። ሁለቱም ጎብኚዎች ናቸው። ልዩነታቸው የጉብኝት ሰዓት ብቻ ነው፤ አንዱ ቀን መጣ፣ ሌላው ማታ።

«ከተማ ሁሉ ያደገው እንዲሁ ነው፤ ምን ታመጣላችሁ?» የሚለን ሦስተኛ ወገንም አለ። ይህ ብልህ የሚመስል ስንፍና ነው። ዝናብ ሲዘንብ «ምን ይደረጋል» ይባላል፤ ቤት ሲፈርስ ግን ያፈረሰም የወሰነም አለ፤ ውሳኔ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ነዋሪውን እዚያው ሰፈሩ ላይ ፎቅ ሠርቶ ማስገባት ይቻላል። ጎረቤትን ከጎረቤት ሳይለዩ በአንድ ሕንጻ ማስፈር ይቻላል። እድርን እንደ አንድ አካል ቆጥሮ ለአባላቱ አንድ አካባቢ መስጠት ይቻላል። ለመልቀቅ የሚሰጠውን ጊዜ በቀን ከመቁጠር በወር መቁጠር ይቻላል። ከነዚህ አንዱም ተአምር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰውየውን አስቀምጦ «አንተስ ምን ትላለህ?» ማለት ብቻ ነው።

ስለ ስደተኞችም አንድ ቃል። በውጭ አገር ሆነው አዲስ አበባን የሚያስቡትን ከዚህ ሒስ ውጭ እናደርጋቸዋለን። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት የመከራ ዓመታት አገር ጥለው የወጡ፣ ለመመለስ በር የተዘጋባቸው ብዙዎች ነበሩ። ሠዓሊና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በስደት አረፈ። እንዲህ ላለው ሰው ትዝታ የቀረችው ብቸኛ መንገድ ናት፤ ከተማዋ በልቡ ውስጥ እንደነበረች ብትቀር ማን ይወቅሰዋል? የኛ ግን ሌላ ነው። ብንፈልግ ሄደን የምናይ ሰዎች ነን። የአውቶብስ መንገድ ብቻ የለየው ሰው የስደተኛን እንባ መዋስ የለበትም።

ታዲያ ሥነ ጽሑፍ ምን ያድርግ? ከፊታችን የነበሩት መንገዱን አሳይተውናል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» ውቤ በረሃን ሲጽፍ፣ የሌሊቱን መብራት ትቶ በመብራቱ ሥር የሚኖሩትን ሴቶች ከነንግግራቸው፣ ከነሣቃቸው፣ ከነሰቆቃቸው አስቀመጠልን። ውቤ በረሃ ዛሬ በቦታው ባይኖርም ሰዎቹ እዚያ ገጽ ላይ ይናገራሉ። ዓለማየሁ እሸቴ ደግሞ አንዱን ዘፈኑን «አዲስ አበባ ቤቴ» ብሎ ሰየመ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. አረፈ፤ ቃሉ ግን ቀረልን። «ቤቴ» ቀላል ቃል አይደለም። ጎብኚ «ቤቴ» አይልም። «ቤቴ» ያለ ሰው ማን እንዳደረ፣ ማን እንዳላደረ ማታ ማታ ይቆጥራል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ትምህርት ሲዘጋ አዲስ አበባ የምንሄድ ሁሉ፣ መጀመሪያ ፒያሳ ወርደን ፎቶ ከመነሣታችን በፊት፣ ታክሲው የሚያልቅበት ድረስ እንሂድ። ገላን፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እንውረድ። የድሮ ጎረቤታችንን፣ የሰፈራችንን ዳቦ ጋጋሪ፣ የጓደኛችንን አያት በስም ጠይቀን እናግኝ። እጃችንን ይዘን አንሂድ፤ እንደ ለቅሶ ደራሽ፣ እንደ እንኳን ለቤት አበቃችሁ ባይ፣ ስኳርም ሆነ ቡና ይዘን እንሂድ። ቡናው ሲፈላ የሚነገረውን እንስማ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዳችን አንድ ሰፈር እንጻፍ። ስሙ ከየት መጣ? እነማን ኖሩበት? እድሩ ማን ይባላል፣ ዛሬ ቆሟል ወይስ ፈርሷል? እንጀራ የምትሸጠው፣ ጫማ የሚሰፋው፣ ሕጻናቱን ፊደል ያስቆጠሩት የኔታ የት ናቸው? ይህ ከግጥም ያነሰ ሥራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚመጣ ተማሪ ከኛ የሚፈልገው ማኪያቶው ስንት አረፋ እንደነበረው አይደለም። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲጋይ ስንት ሰው ሱቁን ብቻ ሳይሆን የዱቤ መዝገቡን ጭምር አጥቷል! ያ መዝገብ የማን ከማን ጋር መተማመን ነበረ? ይህን የሚጽፍ ከኛ ሌላ ማን አለ?

ሦስተኛ፤ የዚህች ልሳን አርታኢዎች ባልንጀሮቻችን ሆይ፣ አንድ ሰው እንኳ የሌለበት የአዲስ አበባ ግጥም ሲቀርብላችሁ «ሰው ጨምረህ መልሰህ አምጣ» በሉ። ወረቀትና ቀለም ውድ ነው፤ ዝናብ ግን በነጻ ይገኛል።

«ምን አገባችሁ? የናፈቀው ይናፍቅ፣ በቃ!» የሚለን ይኖራል። ያገባናል። አብዛኞቻችን ነገ በዚያች ከተማ ሥራ ፈላጊዎች ነን። ደመወዝተኛም ብንሆን በመጀመሪያው ደመወዛችን ልንከራየው የምንችለው ቤት የት እንደሚገኝ እናውቃለን፤ የግጥማችን ፒያሳ ውስጥ አይደለም። የጉሊቷ ሴት የተጋፈጠችው ጥያቄ የኛም ነው፤ ከከተማዋ መካከል የሚኖረው ማን ነው? ለመጎብኘት ብቻ የሚፈቀድልን ከተማ እንድትሆን ዛሬ ዝም ካልን፣ ነገ ናፍቆታችን በትኬት ይሸጥልናል፤ እኛም ተሰልፈን እንገዛዋለን።

አዲስ አበባን ዳግም እናያታለን። ስናያት ግን በመጀመሪያ የምንጠይቀው ይሁን፤ ሰዎችሽ የት ናቸው? መልሱ በተሰጠን አድራሻ እንሂድ፤ ደጁንም እናንኳኳ።